ዳታና ዳተኛ

«ዳታ የአይቲ ሥራ ነው» አልክ፣ አለቃ? በሰው ፊት? ያውም ስብሰባ ላይ፣ ማይክ ይዘህ? እናንተ ቆማችሁ የምታዩ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ይህ ሰው ዛሬ ራሱን በራሱ ከስሷል። ለእኔ የቀረኝ ፍርዱን ማንበብ ብቻ ነው።

የአይቲው ልጅ ምን በደለህ? ኬብል ይዘረጋል፣ ሰርቨር ይጠብቃል፣ ፕሪንተርህ ወረቀት ሲያኝክ ከምሳው ተነሥቶ ይመጣል። አንዲት ደንበኛ ወይዘሮ ዕዳቸውን ከፍለው ይጨርሱ አይጨርሱ እሱ በምን ይወቅ? የተዋዋልካቸው አንተ፣ ብሩን የተቀበልከው አንተ፣ ደረሰኙን የቆረጥከው አንተ! ልጁ ዳታው እንዳይጠፋ ይጠብቃል እንጂ እውነት ይሁን ሐሰት የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ውሸት አስገብተህ ብትሄድ፣ ውሸትህን ሦስት ቦታ ባክአፕ አድርጎ ያቆይልሃል። ውሸትህ ካንተ የበለጠ ዕድሜ ይኖረዋል።

በሽታህን ደርሼበታለሁ። አለቃ ሲሉህ ሥራው አለቀ መሰለህ። ዳታ ሲሉህ ዳተኛ ሆንክ። ኃላፊ ሲሉህ ደግሞ እውነትም ኃላፊ ሆንክ፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ መሥሪያ ቤት። አንተ ታልፋለህ፣ የሞላኸው ፎርም ግን ቀሪ ነው። ተተኪህ ፎርሙን ገልጦ ስምህን የሚያነሣው ሊመርቅህ እንዳይመስልህ።

«ዳታችን ባለቤት አለው» ትላለህ። ማነው? «መሥሪያ ቤቱ።» ሰማችሁልኝ? መሥሪያ ቤት ተጠርቶ አይመጣም። ሲሳሳት አያፍርም። ሲጠየቅ አይንተባተብም። ባለቤት ማለት ስም ያለው ሰው ነው፤ «ይህ ዝርዝር ተሳስቷል» ሲባል ስልኩ የሚጮኽበት ሰው። አንተ ዘንድ ስሕተት ሲገኝ የማን ስልክ ይጮኻል? ዞሮ ዞሮ የኬብሉ ልጅ!

ይህን ሥራ የሚያውቁት ሰዎች ነገሩን ለሦስት ይከፍሉታል። ባለቤቱ የሥራው ኃላፊ ነው፤ ምን ይመዝገብ፣ ማን ይየው፣ መቼ ይሰረዝ ብሎ ይወስናል። ባለአደራው ዕለት ዕለት ዓይኑን አይነቅልም፤ የተደጋገመውን ይለቅማል፣ የጎደለውን ያስሞላል፣ የእያንዳንዱን ቃል ፍቺ ይጽፋል። ጠባቂው አይቲ ነው፤ ያስቀምጣል፣ ይቆልፋል። አንተ ሦስቱንም ጠቅልለህ ለአንድ ልጅ አሸከምክ። ደመወዙን ግን በሦስት ማባዛት ረሳህ።

ና እንፈተን። «ስንት ደንበኛ አለን?» ብለህ ጠይቅ። ሽያጭ ክፍል ካርድ የወሰደውን ሁሉ ይቆጥራል። ሒሳብ ክፍል የከፈለውን ብቻ። የደንበኞች አገልግሎት ደግሞ ደውሎ የተቆጣውንም ይጨምራል። ሦስት ክፍል፣ ሦስት ቁጥር፣ ማንም አልዋሸም! ደንበኛ የሚለው ቃል ፍቺ አጣ። ቃሉ ፍቺ ሲያጣ ክፍሎቹ ፍቺ ጠየቁ። አንተም ሽማግሌ ሆነህ ገባህና ሦስቱን ደምረህ ለሦስት አካፈልክ። ለቦርድ ያቀረብከው ቁጥር የሽያጭም አይደል፣ የሒሳብም አይደል። ሦስት ሰው እውነት ነግሮህ አራተኛ ውሸት ፈጠርክ።

«የቃላት ጭቅጭቅ ነው፣ እንግባባለን» አልክ? እንግዲያው ወደ ላይ ቀና በል። የአሜሪካው ናሳ ወደ ማርስ የላካት፣ በ1999 እ.ኤ.አ. እዚያ የደረሰች መንኮራኩር ነበረች። የሠራት ኩባንያ ሶፍትዌር የሞተሯን ግፊት በፓውንድ አስልቶ ሰጠ፤ ጉዞዋን የሚመሩት ደግሞ በኒውተን ነው ብለው ተቀበሉ። ቁጥሩ በቦታው አለ፣ መለኪያውን የጠየቀ የለም። 125 ሚሊዮን ዶላር የወጣባት መንኮራኩር ከታሰበው በላይ ወደ ማርስ ተጠግታ በዚያው ቀረች። እነሱ እንኳ የተፋቱት ማርስ ደርሰው ነው። አንተ ከሁለተኛ ፎቅ ሦስተኛ ፎቅ ሳትደርስ ተፋታህ!

«ስም ላይ ግን ችግር የለብንም» ይለኛል ደግሞ። ስማ፣ ስለ ስም ልንገርህ። ኃይሉ አንተ መዝገብ ውስጥ አራት ሰው ነው፦ ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ። ጸሐይ በጸሎቱ «ጸ» ብድር ወስዳ አልመለሰችም፤ በፀሐዩ «ፀ» ስትመጣ ንጹሕ ደንበኛ ናት፣ ብድር ይፈቀድላታል። ሞክሼ ፊደል ቁጭ ብሎ ሞክሼ ሰው ይፈለፍልልሃል። ኮምፒውተሩ የሚያየው ፊደል ነው፣ ፊት አያይም። «እነዚህ ፊደላት ሲፈለጉ እንደ አንድ ይቆጠሩ» የሚል ሕግ እስካልተሰጠው ድረስ አራቱን ኃይሉዎች ለየብቻ ያከብራቸዋል። ያን ሕግ የሚያወጣው ደግሞ ፊደሉን የሚያውቅ፣ ደንበኛውን የሚያውቅ ሰው ነው። እሱም አንተ ነህ። እንኳን ደስ አለህ፣ ሥራ አገኘህ!

ቆይ፣ ገና ነው። ገብረ ሥላሴ ወልደ ማርያም የሚባሉ አባት መጡ እንበል። ፎርምህ ሦስት ሳጥን አለው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። መዝጋቢህ ክፍተት ባየ ቁጥር ሳጥን ቀየረ። ስም፦ ገብረ። የአባት ስም፦ ሥላሴ። የአያት ስም፦ ወልደ። ማርያም ቦታ አጥታ ውጭ ቀረች። አለቃ፣ በአንድ ጠዋት ሰውየውን የሥላሴ ልጅ አደረግኻቸው፣ ማርያምን ከመዝገብ ሰረዝክ! ይህን የሚያስተካክለው ስብከት አይደለም። «ጥንድ ስም በአንድ ሳጥን ይግባ» የምትል አንዲት መስመር ናት። እሷን መስመር የሚጽፍ ጠፍቶ ስንት ሰው ባንክ መስኮት ላይ «መታወቂያዎና ደብተርዎ አይመሳሰልም» ተብሎ ተመለሰ?

ይኸው ስም ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ ሲገባ ደግሞ አዲስ ጣጣ ይወልዳል። አባትየው በአባቱ ስም ይጠራል፣ እናትየዋ በአባቷ ስም፣ ልጆቹ በአባታቸው ስም። አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ፣ ሦስት የቤተሰብ ስም! የዚያ አገር ፎርም ቤተሰብ ማለት አንድ ስም ነው ብሎ አምኗልና እናት የገዛ ልጇን ከትምህርት ቤት ለመውሰድ ወረቀት ታሳያለች። ሳጥኑን የሠራው ሰው እኛን አያውቀንም፣ እሺ። አንተስ? ጎረቤትህን አታውቅም?

አሁን የምናገረውን ግን ሳትስቅ ስማኝ። ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ግባ። «ካርድዎ ጠፍቷል፣ አዲስ ያውጡ።» እናት አዲስ አወጡ። በሚቀጥለው ዓመትም ጠፋ፣ ሌላ አወጡ። አሁን ሴትየዋ አንድ ናቸው፣ ካርዳቸው ሦስት። በአንደኛው ካርድ ላይ «ፔኒሲሊን አይስማማቸውም» የሚል በቀይ ተጽፏል። ዛሬ ሐኪሙ ፊት የቀረበው ሦስተኛው ነው። ካርዱ ባዶ ነው፣ መርፌው ሙሉ ነው። በል እስቲ አሁን «የአይቲ ሥራ ነው» በለኝ። ለእኔ አይደለም፣ ለልጆቻቸው በላቸው።

አፍህን ዘጋህ? ጥሩ። ቀጠልን።

«ቀኑን ሲስተሙ ያስተካክለዋል» ብለሃል። የቱን ቀን? በማን አቆጣጠር? 30/06/2015 ብለህ ጻፍክ። ላንተ የካቲት 30 ነው። ለሶፍትዌሩ ጁን 30 ነው። እኛ የካቲት 30 ቀን 2015 ስንል ፈረንጁ ማርች 9 ቀን 2023 ይላል፤ ሲስተምህ ግን ሰውየውን አንሥቶ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ወረወረው። ጳጉሜን 3ን ደግሞ 03/13/2015 ብለህ ስትጽፍ፣ ወርን የሚያስቀድመው የአሜሪካ ሶፍትዌር «ማርች 13» ብሎ እጅ ነሥቶ ይቀበልሃል። አይጮኽም፣ ቀይ አያበራም። የ13 ወር ጸጋ አንተ እጅ ገብታ የ13 ወር ጣጣ ሆነች!

ሰዓቱንማ ተወው። ለታካሚው «ጠዋት 2 ሰዓት» ብለህ ቀጠሮ ያዝክ፣ ሲስተሙ 2፡00 ብሎ መዘገበ። በሱ ቤት ያ ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው። ታካሚው በሰዓቱ መጥቶ «ቀርተዋል» ተባለ። የቀረው እሱ ነው ወይስ ያንተ መመሪያ?

ይኼ ቀልድ የሰው እንጀራ ላይም ይቀመጣል። በ1960 ዓ.ም. የተወለደ የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት የሚሞላው በ2020 ዓ.ም. ነው። ፋይሉ ላይ «1960» ብቻ ተጽፎ፣ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ሳይባል ቢቀር፣ ሲስተሙ በፈረንጁ 2020 ያሰናብተዋል። የፈረንጁ 2020 ደግሞ የእኛ 2012 ነው። ሰውየው ጉልበቱ ሳይደክም፣ ልጁ ሳይመረቅ፣ ስምንት ዓመት ቀድሞ የስንብት ካባ ለበሰ! ከሠራተኛው ላይ ስምንት ዓመት የቆረጠው ሌባ ማነው? ሁለት ፊደል። ሁለት ፊደል መጻፍ የከበደህ አንተ ነህ!

«ሁሉም ነገር ኤክሴል ላይ አለ» ደግሞ አልክ፣ ደረትህን ነፍተህ። እስቲ ፋይሎቹን አሳየኝ። «ሪፖርት የመጨረሻ»። «ሪፖርት የመጨረሻ የመጨረሻ»። «ሪፖርት የመጨረሻ የታረመ»። «ይሄኛውን ተጠቀሙ»። «ያንን አትጠቀሙ፣ ይሄኛውን ተጠቀሙ»። ወንድሜ፣ ስምንተኛው ሺህ ይመጣል እንጂ ያንተ መጨረሻ አይመጣም። ቅጂ የቅጂ ቅጂ ሲሆን ቅዠት ይባላል። የትኛው ነው እውነተኛው? «ኢሜይል ላይ ያለው።» የማን ኢሜይል? «የለቀቀው ልጅ።» ተመልካቾች፣ እኔ ምንም አልጨመርኩም።

ኤክሴል ማንን ያልነካ መሰለህ? በሴፕቴምበር 2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ፣ ኮቪድ በነደደበት ወቅት፣ የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና ተቋም የላቦራቶሪ ውጤት ወደ ድሮው የኤክሴል ፋይል ያስገባ ነበር። ያ ፋይል 65,536 ረድፍ ሲሞላ በቃኝ ይላል። በቃኝ ማለቱን ግን ለማንም አይናገርም። ቫይረሱ የተገኘባቸው 15,841 ሰዎች ከዕለቱ ሪፖርት ውጭ ቀሩ። ከእነሱ ጋር የዋሉ ያደሩትን ፈልጎ የማስጠንቀቁም ሥራ ዘገየ። ረድፉ አለቀ፣ ወረርሽኙ አላለቀም። የሰለጠነው አገር እንዲህ ከሆነ፣ ያንተ ፋይል ስንት ሰው ውጦ ዝም ብሏል?

ጄፒ ሞርጋን የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ ባንክ በ2012 እ.ኤ.አ. በአንድ ንግድ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አጣ። የንግዱን አደጋ ይለካ የነበረው ስሌት ከአንዱ ኤክሴል ወደ ሌላው በእጅ እየተገለበጠ የሚሠራ ነበር፤ በአማካይ መካፈል ያለበትን በድምር አካፍሎ አደጋውን አሳንሶ አሳየ። ኤክሴል ብቻውን አላከሰራቸውም። ኪሳራው ሲመጣ ግን ዓይናቸውን ጋረደ። አንተ የምትመካበት መጋረጃ ይህ ነው።

ይህም አልገባህም? ሳይንቲስቶቹን ልጥራልህ። «ማርች ዋን» እና «ሴፕት ዋን» የሚባሉ የሰው ጂኖች ነበሩ። ኤክሴል ላይ ሲጻፉ «ገባኝ፣ ቀን ነው» እያለ ወደ ማርች 1 እና ሴፕቴምበር 1 ይለውጣቸው ነበር። ስንት የምርምር ሠንጠረዥ በዚህ ተበላሸ! በመጨረሻ በ2020 እ.ኤ.አ. ስሙን የቀየረው ማን ሆነ? ጂኑ! የጂን ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ለጂኖቹ ሌላ ስም ሰጣቸው። ኤክሴል በሰው ደም ውስጥ ያለውን ስም አስቀየረ፤ አንተ ደግሞ «ኤክሴል ይታዘዘኛል» ትላለህ። የሚታዘዘውስ አንተ ነህ፤ ባዘዘህ ቦታ ጠቅ፣ ጠቅ!

«እኛ ትንሽ ነን፣ ይሄ የትልልቆች ነገር ነው።» አሃ! ከሰፈርህ እድር ታንሳለህ? ጸሐፊው መዝገብ ይይዛል፣ ብር አይነካም። ገንዘብ ያዡ ብር ይይዛል፣ መዝገብ አይጽፍም። ዳኛው ሁለቱንም ያያል፣ ብቻውን አንዱንም አያንቀሳቅስም። አባል ሲሞት በዚያው ሳምንት ስሙ ይታረማል፣ ቤተሰቡ ይተካል። ሰው ሲገባ የሚያውቁት ሰዎች ይመሰክሩለታል። ሒሳቡ በጉባኤ ፊት ይነበባል፤ እማማ ከኋላ ሆነው «የሐምሌው የት ሄደ?» ይላሉ፣ ጸሐፊውም ላብ በላብ ሆኖ ገጹን ይገልጣል። ኮምፒውተር የላቸውም፣ ተጠያቂ ግን አላቸው። አንተ ኮምፒውተር ሞልቶህ ተጠያቂ አጣህ። እማማን ከነነጠላቸው ቦርድህ ውስጥ አስገባቸው፤ የተሻለ የዳታ አስተዳደር አታገኝም።

እድሩ ለሞተ ሰው መዋጮ አይጠይቅም። ለሌለ ሰው ደመወዝ የሚከፍል ግን ሞልቷል። ናይጄሪያ በ2016 እ.ኤ.አ. የደመወዝ መዝገቧን ከባንክ መለያ ቁጥር ጋር ስታመሳክር ወደ 24 ሺህ የሚጠጉ የሌሉ ሠራተኞች ተገኙ። የሌሉ ሆነው ተገኙ! ሲፈለጉ የማይገኙ፣ ሲከፈል የማይቀሩ። ያንተስ የደመወዝ ሰነድ ላይ ያሉት ሁሉ ይተነፍሳሉ? መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያመሳከርከው? ፊትህ ላይ ያለው መልስ ይበቃኛል።

«ዳታ ብር አያመጣም» አልክ? ሰው ሁሉ የሚያስታውሳትን ሌሊት ልጥቀስልህ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰው የሌለውን ብር ማውጣትና ማስተላለፍ ቻለ። ባንኩ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ነው አለ፤ ከወሰዱት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያስ? አብዛኛው ተመለሰ! በምን ተመለሰ? ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ሒሳብ፣ ስንት እንዳወጣ መዝገቡ ያውቅ ነበር። ስም ጠርቶ፣ ስም ለጥፎ አስመለሰ። እንግዲህ ያ ሌሊት አንተ ቤት ቢሆን አስበው። የወሰደው ኃይሉ ይሆናል። የቱ ኃይሉ?

«የደንበኛ ዳታ የኛ ንብረት ነው» የሚለውን ለመጨረሻ አስቀምጬልህ ነበር፣ ራስህ አመጣኸው። ልጅቷ ስልክ ቁጥሯን ለምን ሰጠችህ? ዕቃ እንድታደርስላት። አንተ ለወንድምህ ሱቅ ሰጠኸው፣ ወንድምህ ለጓደኛው፣ ጓደኛው ለማስታወቂያ ላኪ። አሁን በየምሽቱ «ውድ ደንበኛችን» የሚል መልእክት ከማታውቀው ሰው ይደርሳታል። በሰጠችህ ቁጥር ሸቀጥ ጠበቀች፣ አንተ ራሷን ሸቀጥ አደረግኻት። ለእንዲህ ያለ ሰው አገራችን የቆየ ስም አላት፤ አደራ በላ! ከዚህ የከበደ ስድብ አባቶቻችን አልሠሩም፣ እኔም አልጨምርበትም።

አሁን ደግሞ ከስድቡ ሌላ ሕግ መጥቷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይባላል። የሰው ዳታ የምትሰበስብበትን ምክንያት ተናገር ይልሃል። ከምክንያቱ አትለፍ ይልሃል። ሰውየው «ስለ እኔ የያዝከውን አሳየኝ፣ የተሳሳተውን አርምልኝ» የማለት መብት አለው ይልሃል። ዳታው አፈትልኮ ቢወጣ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አሳውቅ ይልሃል። 72 ሰዓት! አንተ ምን እንደጠፋ ለማወቅ ኮሚቴ ታቋቁማለህ። ለኮሚቴው አበል እስኪጸድቅ 72 ሰዓቱ ያልቃል። ኮሚቴ አትበለው፣ «ኮሚተኛ» በለው፤ ሲተኛ እንጂ ሲሠራ ያየው የለም።

«አይጠፋብንም» ነው የምትለው? እንግሊዝም አይጠፋብንም ብላ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. የገቢዎች መሥሪያ ቤቷ የልጆች ድጎማ የሚቀበሉትን ቤተሰቦች መዝገብ በሁለት ሲዲ ገልብጦ በመልእክተኛ ላከ። ሲዲዎቹ ሳይደርሱ ቀሩ። 25 ሚሊዮን ሰው! ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን፣ የባንክ ቁጥር። የሚያናድደው ነገር ምን መሰለህ? የሚላክላቸው ኦዲተሮች «የባንኩን ዝርዝር አውጡት፣ አንፈልገውም» ብለው ጠይቀው ነበር። ለይቶ ማውጣቱ ወጪ አለው ተባለና ሙሉው ተጭኖ ሄደ። ጥቂት ወጪ ለማዳን ሲሉ የአገሪቱን ግማሽ ገደማ አዘረገፉት። የመሥሪያ ቤቱ ሊቀመንበር ግን ሥልጣኑን ለቀቀ። የአይቲው ልጅ ነው አላለም!

ያንተስ ፍላሽ? አዎ፣ ቁልፍህ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረው! የሠራተኛው ደመወዝ፣ የደንበኛው ስልክ፣ የጨረታው ዋጋ፣ የልጅህ ልደት ቪዲዮ፣ ሁሉም በአንድ ፍላሽ። ያው ባለፈው ታክሲ ውስጥ ፍላሹ ጠፋ፣ አንተም ላሽ አልክ። ባክአፕ ያላደረገ ሰው ኋላ «እባካችሁ» ይላል፤ አንተ እሱንም አላልክም።

«ፖሊሲ አለን!» ብለህ ዛሬም ተነሣህ? ቁመህ አየሁህ፣ እሺ። ሰማንያ ገጽ፣ ማኅተም ያለበት፣ መደርደሪያ ላይ። ማን አነበበው? የጻፈው አማካሪ። እሱም ክፍያው እስኪገባ ድረስ። ፖሊሲህ ፖሊስ የለውም፣ አለቃ! «የይለፍ ቃል አይጋራም» ይላል ገጽ ዐሥራ ሁለት፤ የይለፍ ቃሉ ስክሪኑ ላይ በቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። «ለለቀቀ ሠራተኛ መግቢያው ይዘጋ» ይላል ገጽ ሃያ፤ አምና የለቀቀው ልጅ ዛሬ ጠዋትም ገብቶ ወጥቷል። ፋይል ሞልቶህ ፋይዳ አጣህ። መስኮት ላይ ቆመህ «ሲስተም የለም» ስትል ብቻ ነው እውነት ተናግረህ የምታውቀው።

እናም አሁን የመጨረሻ ካርድህን መዘዝክ፦ «ኤአይ ልናስገባ ነው፣ ሁሉን እሱ ያጠራዋል።» ወይ ጉዴ! ከምኑ ሊማር ነው? ከአራቱ ኃይሉ? ማርያም ከወደቀችበት ፎርም? ከ«ይሄኛውን ተጠቀሙ»? መዝጋቢህ ሲሳሳት ቢያንስ እጁ ይደክመው ነበር፤ በቀን መቶ ስሕተት ሠርቶ ቤቱ ይገባል። ይኼኛው አይደክመውም። ስሕተትህን በሰኮንድ ያባዛዋል፣ አማርኛውን አሳምሮ፣ በሙሉ ልብ፣ ለሚጠይቀው ሁሉ ይናገረዋል። ጥራት ያላስተማርከው ጥራጊ ነው የሚያወራልህ። ለዘመናት በጓዳ የደበቅከውን ትርምስ አደባባይ አወጣልህ! ደግሞ በወር ክፍያ!

በል ብዕር አውጣ። ስብሰባ አያስፈልግም፣ ማይኩን አስቀምጠው። የደንበኛ መዝገብ ብለህ ጻፍ። ከሥሩ የሠራተኛ መዝገብ። ከሥሩ የዕቃ መዝገብ። አሁን በእያንዳንዱ ፊት የአንድ ሰው ስም አስፍር፤ ከነአባቱ፣ ከነስልኩ። «ክፍሉ» አይደለም። «የሚመለከተው አካል» አይደለም፤ እሱን አካል እስከ ዛሬ ያየው የለም። የሚተነፍስ ሰው! ከጎኑ ደግሞ ያ ሰው መዝገቡን መቼ መቼ እንደሚያይና ሲሳሳት የሚታረምበትን ቀን ጻፍ።

ምን አልክ? «ነገ»?

በማን አቆጣጠር?